«ሪፐብሊክ እንጂ ዴሞክራሲ አይደለችም» ማለት የፕሬዚዳንቱን ድምፅ አቆጣጠር ያስረዳል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ዜግነት ካገኘሁ ወዲህ በሁለት የፕሬዚዳንት ምርጫዎች ድምፅ ሰጥቻለሁ። በቅርቡ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ስንከራከር፣ ‹አሜሪካ ሪፐብሊክ እንጂ ዴሞክራሲ አይደለችም፤ ፕሬዚዳንቱ በሕዝብ ድምፅ ብዛት የማይመረጠውም ለዚህ ነው› አለኝ። እውነት ነው? የአንድ ግዛት ድምፅ በሙሉ ተጠቅልሎ ለአንድ ሰው የሚሰጠውስ ለምንድን ነው? በእኔ ግዛት አሸናፊው አስቀድሞ የሚታወቅ ከሆነ የእኔ ድምፅ ምን ይረባል?»

ምላሽ፦

የተከበሩ ጠያቂ፣ ያነሡት ሦስት ጉዳይ ነው፤ ባልደረባዎ ግን ሦስቱንም በአንድ ቃል ሊዘጋቸው ሞክሯል። አጭሩ መልሴ ይህ ነው፦ አሜሪካ ሪፐብሊክ መሆኗ እውነት ነው፤ ፕሬዚዳንቱ በአገር አቀፍ ድምፅ ብዛት አለመመረጡም እውነት ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው የመነጨ ነው የሚለው ግን ስሕተት ነው። የግዛቱ ድምፅ ተጠቅልሎ ለአንድ ዕጩ መሰጠቱማ ከሪፐብሊክነት ቀርቶ ከሕገ መንግሥቱ ጽሑፍ ጋር እንኳ አይገናኝም። ከዚህ በታች የሚያነቧቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከቃሉ ልጀምር። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች «ሪፐብሊክ»ን የለመድነው የዘውድ አገዛዝ ተቃራኒ አድርገን ነው። በ1987 የታወጀው መንግሥት «የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ» ተባለ፤ ከ1995 ወዲህ ያለው ደግሞ «የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ» ይባላል። ስሙ በተግባር ምን ያህል ተከብሯል የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ በስሙ ውስጥ ግን ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንጂ አልተጣሉም። የባልደረባዎ አባባል የተቀዳው ከሌላ ምንጭ ነው። ጄምስ ማዲሰን በ1787 መገባደጃ ላይ፣ አዲሱን ሕገ መንግሥት ለኒው ዮርክ ሕዝብ ለማስረዳት ከጻፋቸው የጋዜጣ ጽሑፎች በአንዱ፣ «ንጹሕ ዴሞክራሲ» ሲል በቁጥር ጥቂት የሆኑ ዜጎች በአንድ ስፍራ ተሰብስበው የመንግሥትን ሥራ ራሳቸው የሚያከናውኑበትን ሥርዓት ማለቱ ነበር፤ «ሪፐብሊክ» ሲል ደግሞ ሥራው በተመረጡ ተወካዮች የሚካሄድበትን። እንግዲህ ልዩነቱ ሕግ የሚያወጣው ማን ነው በሚለው ላይ ነው። ፕሬዚዳንት መምረጥ ግን፣ ድምፁ በየትኛውም መንገድ ቢቆጠር፣ ተወካይ መምረጥ ነው፤ ስለዚህ በማዲሰን መለኪያ ፕሬዚዳንቷን በቀጥታ በሕዝብ ድምፅ የምትመርጥ አገርም ፍጹም ሪፐብሊክ ናት።

ለዚህ ፈረንሣይን ማየት ይበቃል። ሻርል ደ ጎል በ1958 የተመረጡት ወደ 80,000 በሚጠጉ የአካባቢ ተመራጮችና ሹማምንት ጉባኤ ነበር፤ በ1962 ግን ጉዳዩን ለሕዝበ ውሳኔ አቅርበው አሠራሩን አስለወጡ፤ ከ1965 ጀምሮ ፈረንሣውያን ፕሬዚዳንታቸውን በቀጥታ ይመርጣሉ። አገሪቱ በዚህ ምክንያት ሪፐብሊክነቷን አላጣችም፤ እስከ ዛሬም አምስተኛው ሪፐብሊክ ትባላለች። አርጀንቲናም ከአሜሪካ የቀዳችውን የወኪል መራጮች ሥርዓት፣ ማለትም ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ ሕዝቡ ሳይሆን ከየግዛቱ የተሰየሙ ወኪሎች የሚመርጡበትን አሠራር፣ በ1994 ሰርዛለች። በአንጻሩ ብሪታንያ ንጉሥ አላት፣ ሪፐብሊክ አይደለችም፤ ዴሞክራሲ ናት ቢባል ግን የሚከራከር አይኖርም። ሁለቱ ቃላት የሚመልሱት የተለያየ ጥያቄ ስለሆነ፣ አንዱን በሌላው ላይ አስነሥቶ መከራከር ውኃ መውቀጥ ነው።

ቀጥተኛ ዴሞክራሲ የሚባለው ነገር ራሱ ከጥንቷ አቴና ጋር ተቀብሮ አልቀረም። በስዊዘርላንድ ፓርላማው ያጸደቀውን ሕግ 50,000 ዜጎች በ100 ቀናት ውስጥ ፊርማ አሰባስበው ወደ ሕዝበ ውሳኔ መጥራት ይችላሉ፤ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለማቅረብ ደግሞ በ18 ወራት ውስጥ 100,000 ፊርማ ይጠየቃል። (ሥርዓቱን ያለመጠን ለሚያወድሱ ወዳጆቼ ዘወትር የማስታውሳቸው ነገር፣ እነዚሁ መራጮች፣ ማለትም ወንዶቹ፣ ለሴቶች በፌዴራል ደረጃ የመምረጥ መብት የሰጡት በ1971 መሆኑን ነው፤ በ1959 ተጠይቀው እምቢ ብለው ነበር።) የሚገርመው፣ ሕዝቧ በዓመት ብዙ ጊዜ ድምፅ የሚሰጥባት ይህች አገር ፕሬዚዳንቷን በሕዝብ አታስመርጥም፤ ፓርላማው ሰባት አባላት ያሉት የፌዴራል ምክር ቤት ይመርጣል፤ ከእነርሱ አንዱ ለአንድ ዓመት በፕሬዚዳንትነት ይሰየማል። ሕግን በሕዝብ ድምፅ ማውጣትና መሪን በሕዝብ ድምፅ መምረጥ የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

በአሜሪካም ቀጥተኛ ዴሞክራሲ አለ፤ የሚገኘው ግን በግዛቶች ውስጥ ነው። ሳውዝ ዳኮታ በ1898፣ ኦሪገን በ1902፣ ካሊፎርኒያ በ1911 ዜጎች በፊርማ ሕግ አመንጭተው በድምፅ የሚያጸድቁበትን መንገድ ከፈቱ። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 4 ለእያንዳንዱ ግዛት «ሪፐብሊካዊ የመንግሥት ቅርጽ» ዋስትና ስለሚሰጥ፣ ኦሪገን ግብር አልከፈለም ብላ የከሰሰችው አንድ የስልክ ኩባንያ ይህን ጠቅሶ ተከራከረ፤ ሕዝብ በቀጥታ ባወጣው ሕግ የተጣለብኝ ግብር አይጸናም የሚል ነበር ክርክሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1912 በሰጠው ውሳኔ፣ ይህ ፖለቲካዊ ጥያቄ በመሆኑ ለፍርድ ቤት አይቀርብም ብሎ መለሰው። የባልደረባዎ ክርክር ከመቶ ዓመት በፊት ከዚህም በጠነከረ መልኩ ቀርቦ ፍሬ አላገኘም ማለት ነው።

ታዲያ የወኪል መራጮች ሥርዓት ከየት መጣ? በ1787 በፊላደልፊያ በተካሄደው ጉባኤ ፕሬዚዳንቱ በቀጥታ በሕዝብ ይመረጥ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ የፔንሲልቬኒያው ጄምስ ዊልሰን ከደጋፊዎቹ ዋነኛው ነበሩ። ሐሳቡ ወደቀ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አልነበረም፤ መገናኛ በሌለበት ሰፊ አገር ሕዝቡ የሩቅ ግዛት ሰዎችን አያውቅም የሚሉ ነበሩ፤ ትናንሽ ግዛቶች በትላልቆቹ እንዳይዋጡ የሚሰጉም ነበሩ። ማዲሰን ራሱ ግን ሐምሌ 19 ቀን በጉባኤው ፊት፣ የሕዝብ ምርጫ ከሁሉ የሚሻል ሆኖ ሳለ የደቡቡ ግዛቶች በባርያዎቻቸው ቁጥር የተነሣ በምርጫው ተደማጭነት እንደማይኖራቸው፣ ወኪል መራጮች ቢኖሩ ግን ይህ ችግር እንደሚወገድ ገልጿል። አሠራሩ እንዲህ ነበር፦ በተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ ሲደለደል ከአምስት ባርያዎች ሦስቱ ይቆጠራሉ፤ የወኪል መራጮች ቁጥር ደግሞ ከምክር ቤት መቀመጫዎች ጋር የተሳሰረ ነው፤ ስለዚህ ድምፅ የማይሰጠው ሰው የባለቤቱን ግዛት ድምፅ ያበዛል። በ1790 ቆጠራ በቨርጂኒያ ነጻ የሆነው ሕዝብ 455,000 ገደማ፣ በፔንሲልቬኒያ 431,000 ገደማ ነበር፤ ቨርጂኒያ ግን 21 ወኪል መራጮች ሲደርሷት ፔንሲልቬኒያ 15 ብቻ አገኘች። ከመጀመሪያዎቹ 36 ዓመታት 32ቱን የቨርጂኒያ ሰዎች በፕሬዚዳንትነት መቀመጣቸው ከዚህ ጋር ሲነበብ የአጋጣሚ ጉዳይ አይመስልም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልመጣ፤ የጉዳዩ ልብ ያለው እዚህ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 2 የሚለው፣ እያንዳንዱ ግዛት የሕግ አውጪው ምክር ቤት በሚወስነው መንገድ ወኪል መራጮቹን ይሰይማል ነው። ለአሸናፊው ጠቅልላችሁ ስጡ የሚል ቃል የለበትም። በመጀመሪያዎቹ ምርጫዎች በአንዳንዱ ግዛት የሕግ አውጪው ምክር ቤት ራሱ ይመርጥ ነበር፤ በአንዳንዱ ሕዝቡ በየምርጫ ወረዳው ይመርጥ ነበር፤ በአንዳንዱ ደግሞ ግዛቱ በሙሉ እንደ አንድ ወረዳ ይቆጠር ነበር። ቨርጂኒያ በ1796 በወረዳ ስትመርጥ ከ21 ድምፆቿ 20ው ለልጇ ለቶማስ ጀፈርሰን፣ አንዱ ለጆን አዳምስ ሄደ። አዳምስ በመላ አገሪቱ 71 ለ68 አሸነፈ፤ ሰሜን ካሮላይናም እንዲሁ አንድ ድምፅ ሰጥታው ነበርና፣ እነዚያ ሁለት ድምፆች ለጀፈርሰን ቢዞሩ ኖሮ ውጤቱ ይገለበጥ ነበር። የቨርጂኒያ ሰዎች ይህን አልረሱም፤ ለ1800 ምርጫ ሕጉን ለውጠው ሁሉም ድምፅ ለአሸናፊው እንዲሆን አደረጉ። ጀፈርሰን በዚያው ዓመት ጥር ወር ለጄምስ ሞንሮ በጻፈው ደብዳቤ፣ በወረዳ መምረጡ ሁሉም ግዛት ቢያደርገው ከሁሉ የተሻለ መሆኑን አምኖ፣ ሌሎቹ ጠቅልለው በሚሰጡበት ሁኔታ የእኛ መከፋፈል ግን ከሞኝነትም የባሰ ነው የሚል ሐሳብ አስፍሯል። የአዳምስ ግዛት ማሳቹሴትስም ዝም አላለችም፤ ምርጫውን ከሕዝቡ ነጥቃ ለሕግ አውጪዋ ሰጠችና ድምፁን በሙሉ ለአዳምስ አረጋገጠች። በ1836 ከሳውዝ ካሮላይና በቀር ሁሉም ግዛት ጠቅልሎ ሰጪ ሆኖ ነበር።

ይህን ታሪክ ያስረዘምኩት በምክንያት ነው። ጠቅልሎ መስጠት የመሥራቾቹ ጥበብ፣ የሪፐብሊክ ምሰሶ ወይም የአነስተኛ ግዛቶች ጋሻ ተደርጎ ሲቀርብ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ የልደት ታሪኩ ግን የፓርቲ ሒሳብ ነው። ሒሳቡም ዛሬ አላበቃም። ዛሬ ድምፃቸውን የሚከፋፍሉት ሁለት ግዛቶች ብቻ ናቸው፤ ሜይን ከ1972 ምርጫ፣ ነብራስካ ከ1992 ምርጫ ጀምሮ ሁለት ድምፅ ለግዛቱ አሸናፊ፣ ቀሪውን ለየወረዳው አሸናፊ ይሰጣሉ። በ2024 የኦማሃ ከተማ ያለችበትን የነብራስካ ወረዳ ድምፅ ላለማጣት ሲባል ግዛቲቱ ወደ መጠቅለሉ እንድትመለስ ብርቱ ግፊት ተደረገ፤ ከሜይን በኩልም ያንን ካደረጋችሁ እኛም እናደርጋለን የሚል ማስጠንቀቂያ ተሰማ። ቨርጂኒያና ማሳቹሴትስ ከ224 ዓመት በኋላ ስም ለውጠው የመጡ ይመስል ነበር።

ስለ ውጤቱ ሲወራ አብዛኛው ሰው የሚጠቅሰው የትናንሽ ግዛቶችን ብልጫ ነው። እርግጥ በ2020 ቆጠራ ዋዮሚንግ 577,000 ያህል ሕዝብ ይዛ 3 ድምፅ፣ ካሊፎርኒያ 39.5 ሚሊዮን ይዛ 54 ድምፅ አላት፤ በዋዮሚንግ አንድ ወኪል መራጭ ለ192,000 ሰው ሲደርስ በካሊፎርኒያ ለ730,000 ያህል ነው። ይህ የመጣው እያንዳንዱ ግዛት ከሕዝቡ ብዛት ውጪ ለሁለቱ የሴኔት መቀመጫዎቹ ሁለት ድምፅ ስለሚጨመርለት ነው። (በኢትዮጵያም የፌዴሬሽን ምክር ቤት አወቃቀር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 61 መሠረት ለእያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ ወኪል፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ወኪል ይሰጣል፤ ትንሹን ከመዋጥ ማዳንና ብዛትን ማክበር የሚጋጩበት ቦታ ለእኛም እንግዳ አይደለም።) ነገር ግን ብልጫው ብቻውን ምን ያህል እንደሚሠራ እርስዎም ማስላት ይችላሉ። በ2016 ዶናልድ ትራምፕ በ30 ግዛቶች አሸንፈው 306 ወኪል መራጮች፣ ሂላሪ ክሊንተን በ20 ግዛቶችና በዋሽንግተን ዲሲ አሸንፈው 232 ወኪል መራጮች አገኙ፤ በሕዝብ ድምፅ ግን ክሊንተን በ2.9 ሚሊዮን ገደማ ይበልጡ ነበር። ለእያንዳንዱ የተጨመሩትን ሁለት ሁለት ድምፆች ብንቀንስ ትራምፕ 246፣ ክሊንተን 190 ይሆናሉ፤ አሸናፊው አይለወጥም። በ2000 ግን ተመሳሳዩ ስሌት ጆርጅ ቡሽን ከ271 ወደ 211፣ አል ጎርን ከ267 ወደ 225 ያወርዳል፤ አሸናፊው ይለወጣል። ስለዚህ የትናንሽ ግዛቶች ብልጫ በጣም በተቀራረበ ምርጫ ይወስናል፤ የ2016ቱን ዓይነት ልዩነት የሚፈጥረው ግን መጠቅለሉ ነው። በዚያ ዓመት ሚሺጋን፣ ዊስኮንሲንና ፔንሲልቬኒያ ተደምረው የወሰኑት ከ80,000 ባነሰ ድምፅ ነበር፤ በካሊፎርኒያ የተከማቸው የሚሊዮኖች ብልጫ አንዲት ተጨማሪ ወኪል እንኳ አላስገኘም።

መፍትሔው ምን ይሁን ሲባል ብዙዎች መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ሜይንና ነብራስካ መንገድ ነው፤ እኔ ከአማራጮቹ ሁሉ የምፈራው እርሱን ነው፤ ፍትሐዊ መስሎ ስለሚታይ። የተወካዮች ምክር ቤት ወረዳዎችን ድንበር የሚያሰምሩት በአብዛኛው ግዛት የሕግ አውጪው ፓርቲዎች ናቸው፤ ድምፁ በወረዳ ከተሰጠ ድንበር አስማሪው ፕሬዚዳንትም አስመራጭ ይሆናል። በ2012 ባራክ ኦባማ ሚት ሮምኒን በ5 ሚሊዮን ገደማ የሕዝብ ድምፅ በልጠዋል። ሁሉም ግዛት እንደ ሜይን ቢሠራ ኖሮ ግን ሮምኒ በ226 ወረዳዎችና በ24 ግዛቶች ስላሸነፉ 274 ለ264 ፕሬዚዳንት ይሆኑ ነበር።

ሌላው አማራጭ ግዛቱ ድምፁን እንደ መራጩ ብዛት በተመጣጣኝነት እንዲያካፍል ማድረግ ነው፤ እዚህ ላይ ቀጥተኛ ዴሞክራሲና የፕሬዚዳንት ድምፅ አደላደል ፊት ለፊት የተገናኙበትን የኮሎራዶን ጉዳይ ማንሣት አለብኝ። በ2004 የኮሎራዶ ዜጎች በፊርማ ያቀረቡት 36ኛው ማሻሻያ የግዛቲቱ 9 ድምፆች በተመጣጣኝነት እንዲከፈሉ፣ ያውም ከዚያው ዓመት ምርጫ ጀምሮ፣ የሚጠይቅ ነበር። ደጋፊዎቹ ሕጉ በ2000 ቢኖር ኖሮ ጎር ከኮሎራዶ 3 ድምፅ አግኝተው ለማሸነፍ የሚያስፈልገውን 270 ይሞሉ እንደነበር ይጠቅሱ ነበር። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ጀፈርሰን ለሞንሮ የጻፈውን ነገር ሳያውቁት ደገሙት፦ ሌላው ጠቅልሎ ሲሰጥ እኛ ብቻ ከከፈልን ተወዳዳሪዎቹ ለአንዲት ድምፅ ብለው ወደ ግዛታችን አይመጡም። ሕዝቡ ከሦስት ሁለቱ እጅ በሚጠጋ ድምፅ ሐሳቡን ጣለው። እኔም በዚያ ዓመት የኮሎራዶ መራጭ ብሆን ኖሮ እጥለው ነበር።

ከ16 ዓመት በኋላ ኮሎራዶ እንደገና ተጠየቀች፤ አሁን ግን ጥያቄው ሌላ ነበር። በርካታ ግዛቶች፣ የእርስዎ ሜሪላንድ በ2007 የመጀመሪያዋ ሆና፣ አንድ ስምምነት ፈርመዋል፤ የፈራሚዎቹ ድምፅ ተደምሮ 270 ሲሞላ ሁሉም ወኪሎቻቸውን በመላ አገሪቱ ብዙ የሕዝብ ድምፅ ላገኘው ዕጩ ይሰጣሉ፤ እስኪሞላ ድረስ ግን ምንም አይለወጥም። የስምምነቱ ብልሃት እዚህ ላይ ነው፤ ማንም ብቻውን ቀድሞ እንዳይጎዳ አድርጎ የጀፈርሰንን መከራከሪያ ያፈርሰዋል። የኮሎራዶ ሕግ አውጪ በ2019 ስምምነቱን ሲቀላቀል ተቃዋሚዎች ፊርማ አሰባስበው ሕጉን ወደ ሕዝብ ጠሩት፤ በ2020 ሕዝቡ በ52 በመቶ ገደማ አጸደቀው። ሜይን በ2024 ስትጨመር ፈራሚዎቹ 17 ግዛቶችና ዋሽንግተን ዲሲ፣ ድምፃቸውም 209 ደርሶ ነበር። ስምምነቱ ከችግር ነጻ አይደለም፤ ሕገ መንግሥቱ ግዛቶች ያለ ኮንግረስ ፈቃድ እርስ በርሳቸው እንዳይዋዋሉ ስለሚከለክል 270 በሞላ ማግስት ክስ መምጣቱ አይቀርም፤ አንድ ግዛትም ውጤቱ ሳይጥመው ሲቀር ለመውጣት ቢሞክር ቀውስ ይነሣል። ንጹሑ መንገድ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው፤ ተሞክሮም ነበር። በ1969 የተወካዮች ምክር ቤት ቀጥተኛ ምርጫን 338 ለ70 በሆነ ድምፅ አሳልፎ፣ ሐሳቡ በ1970 ሴኔት ውስጥ ክርክሩን በማራዘም ስልት ታንቆ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ያን ያህል የቀረበ የለም።

ለባልደረባዎም ፍትሕ ላድርግላቸው። የወኪል መራጮችን ሥርዓት በቁም ነገር መከላከል ይቻላል፤ መከላከያው ግን ሪፐብሊክ የሚለው ቃል ሳይሆን ፌዴራሊዝም ነው። አገሪቱ የግዛቶች ኅብረት ናትና ፕሬዚዳንቱ ድጋፉን ከብዙ ግዛቶች ይሰብስብ፣ ድምፅ እንደገና ይቆጠር ሲባልም ጣጣው በአንድ ግዛት ታጥሮ ይቅር የሚል ክርክር ክብደት አለው፤ በ2000 በፍሎሪዳ የ537 ድምፅ ልዩነት ያስነሣውን ያየ ሰው ይህ በመላ አገሪቱ ቢሆን ምን ይሆን ነበር ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። እኔን የማያሳምነኝ፣ ይህ መከላከያ የሁለቱን ተጨማሪ ድምፆች ሊደግፍ ቢችልም መጠቅለሉን አለመደገፉ ነው፤ በመጠቅለሉ ምክንያት ተወዳዳሪዎች የሚመላለሱት በሰባት ወይም በስምንት ግዛቶች ውስጥ ስለሆነ፣ ዋዮሚንግም ካሊፎርኒያም እኩል ይረሳሉ።

የእርስዎ ድምፅስ? በ2024 ሜሪላንድ 10 ድምፆቿን ለካማላ ሃሪስ ሰጥታለች፤ በፕሬዚዳንቱ ምርጫ የእርስዎ አንድ ወረቀት ያንን ውጤት ይለውጣል ብዬ አልዋሽዎትም። ነገር ግን ያው ወረቀት ሴናተርዎን፣ የምክር ቤት ተወካይዎንና የካውንቲዎን ትምህርት ቦርድ ይመርጣል፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀው በዲሲ የሚኖሩ ወገኖቻችን ለፕሬዚዳንት 3 ወኪል ከ1961 ማሻሻያ ወዲህ ቢኖራቸውም ድምፅ የሚሰጥ ሴናተር የላቸውም። በወረቀቱ ጀርባ ደግሞ ብዙ ሰው ሳያነብ የሚያልፋቸው ጥያቄዎች አሉ። በሜሪላንድ ዜጎች ራሳቸው አዲስ ሕግ ማመንጨት ባይችሉም የጸደቀን ሕግ በፊርማ ወደ ሕዝበ ውሳኔ መጥራት ይችላሉ፤ በ2012 ሰነድ የሌላቸው ወጣቶች በግዛቲቱ ኮሌጆች እንደ ነዋሪ እንዲከፍሉ የፈቀደው ሕግ በዚሁ መንገድ ተጠርቶ፣ 4ኛ ጥያቄ ሆኖ ቀርቦ በ59 በመቶ ገደማ ጸንቷል። በዚያ ጥያቄ ላይ ወኪል መራጭ አልነበረም፤ ሕዝቡ ብዙ የሆነው የሞንትጎመሪም፣ ሕዝቡ ጥቂት የሆነው የጋሬትም ካውንቲ ነዋሪ ድምፅ አንድ አንድ ሆኖ ተቆጠረ።